ጆይ ጎጃሜ ነበር

መብራት የጠፋው ረቡዕ ከምሳ በኋላ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ላለው ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። ማሽኑ ቆመ። ላሚኔሽኑ ቀዘቀዘ። አንድ የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ተማሪ አርባ ገጽ ሃንድአውት ይዞ በሩ ላይ ተገተረ። "ቶሎ ይመጣል?" አለኝ። እኔ ምን አውቄ! በርጩማዬን ወደ ጥላው አወጣሁና ስልኬን ከፈትኩ። ወደ ሃያ ዓመት ያልተጫወትኩትን ጌም እንደገና የጀመርኩት በዚያ ከሰዓት ነው።

ጌሙ "ቢኒዝ ኤ ስቲል ስካይ" ይባላል። ከብረት ሰማይ በታች እንደማለት ነው። ሬቮሉሽን ሶፍትዌር የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ነው ያወጣው። እኛ ግን በዚህ ስሙ ጠርተነው አናውቅም። ለእኛ "ጆይ" ነበር። "ዛሬ ጆይን እንክፈት?" እንባባል ነበር። ጆይ ማን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

አጨዋወቱን ለማታውቁት ላስረዳ። እየጠቆሙ መጫን ነው፣ በቃ። መኪና መንዳት፣ ሰው ማሯሯጥ የለበትም። ማውሱን ስክሪኑ ላይ ታንቀሳቅሳላችሁ። የሚነካ ነገር ላይ ስትደርሱ ስሙ ብቅ ይላል። ግራውን ስትጫኑ ሰውዬው ዕቃውን አይቶ የሆነ ነገር ይላል። ቀኙን ስትጫኑ ያነሳዋል ወይም ይነካካዋል። የለቀማችሁት ነገር ከስክሪኑ አናት ላይ ይደረደራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማሰብ ነው። ይሄ ብረት የት ይገባል? ይሄ ካርድ የትኛውን በር ይከፍታል? መልሱ አንዳንዴ በአምስት ደቂቃ ይገኛል። አንዳንዴ በሦስት ሳምንት።

ታሪኩ የወደፊቷ አውስትራሊያ ውስጥ ነው። ሮበርት ፎስተር የሚባል ልጅ ከሄሊኮፕተር አደጋ ይተርፋል። በረሃው ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ያሳድጉታል። ፎስተር የሚለውን ስም ያገኘው ከባዶ የቢራ ቆርቆሮ ነው። ፎስተርስ የሚባል የአውስትራሊያ ቢራ አለ። (እኛ ሰፈር ቢሆን ዳሽ ተብሎ ቀርቶ ነበር።) ካደገ በኋላ ከትልቁ ከተማ ወታደሮች መጥተው ይወስዱታል። የሚወስደው ሄሊኮፕተርም በተራው ይከሰከሳል። ፎስተር አምልጦ ፋብሪካ ውስጥ ይገባል። ጌሙ ከዚያ ይጀምራል።

የከተማዋ አሠራር በልጅነቴ በጣም ነበር የሚገርመኝ። ዩኒየን ሲቲ ውስጥ ድሃው የሚኖረው ከላይ፣ ከፋብሪካው ጋር ነው። ሀብታሙ ከታች መሬት ላይ ነው። መናፈሻው፣ ኩሬው፣ የደላው ክበብ ሁሉ ታች ነው። እኔ የማውቀው ደግሞ የባሕር ዳሩን ቤዛዊት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥታቸውን የሠሩት ኮረብታው ላይ፣ ዓባይን ከላይ እያዩ ነው። ሀብታም ታች የሚወርድበት ከተማ ሊገባኝ አልቻለም። ሊፍት የሚባለውንም ነገር መጀመሪያ ያየሁት በዚህ ጌም ነው። ሰው ትንሽ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ሌላ ሰፈር ይወጣል። ወንድሜ "እንደ ታክሲ ነው፣ ግን ቀጥ ብሎ የሚወርድ" ብሎ አስረዳኝ። እሱም አይቶ አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ጽሕፈት ቤቷ ልውሰዳችሁ።

1996 ዓ.ም. ክረምት ነው። ወንድሜ ፖሊ (ፖሊ ቴክኒክ) ይማር ነበር። ማታ ማታ ደግሞ አንዲት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ማመልከቻና የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይተይባል። የቤቷ ባለቤት ትልቅ ሴት ነበሩ። እትዬ ነው የምንላቸው። አንድ ኮምፒውተር ነበራቸው። ዊንዶውስ 98፣ ባለ 14 ኢንች ሞኒተር፣ ጥልፍ ያለበት ነጭ የጨርቅ ልብስ የለበሰ። ድምፅ ማጉያ የለውም። ሥራ ሲያልቅ ጨርቁ ይታጠፋል፣ የእትዬ ጀበና ይጣዳል፣ ጆይ ይከፈታል።

ጌሙን ወንድሜ ከፖሊ በስድስት ፍሎፒ ተከፋፍሎ ነው ያመጣው። አራተኛው ፍሎፒ ተበላሽቶ በሳይክል ተመልሶ ሄዶ እንደገና ገለበጠው። ያን ቀን ዝናብ ነበር። ፍሎፒውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን በብብቱ ይዞ፣ ራሱ ግን ውኃ ሆኖ ነው የገባው። ጌሙን የሰረቅነው ይመስለን ነበር። "ለማንም እንዳትናገሪ" ብሎኛል። በቅርቡ ሳነብ ምን አገኘሁ መሰላችሁ? ባለቤቶቹ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ጌሙን ለሁሉም ሰው በነፃ ለቀውታል። ያ ማለት ወንድሜ በፌስታል ከመጠቅለሉ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው የተሳቀቅነው።

እንግሊዝኛችን ደካማ ነበር። የወንድሜ ይሻላል፣ የእኔ የስምንተኛ ክፍል ነው። መዝገበ ቃላት ከኪቦርዱ ጎን ይቀመጣል። ድምፅ ስለሌለ ንግግሩ ሁሉ ጽሑፍ ነው። ታዲያ ጽሑፉን ዝም ብሎ ከማንበብ ወንድሜ ማስመሰል ጀመረ። ፎስተርን በዜና አንባቢ አማርኛ ያወራዋል። ጆይን ግን በጎጃምኛ።

ጆይ ሮቦት ነው። ፎስተር በረሃ እያለ የሠራው ጓደኛው ነው። ዋናው ነገሩ አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ናት። ሰሌዳዋን የትኛውም ማሽን ውስጥ ብትከቷት ጆይ እዚያ ውስጥ ነፍስ ይዘራል። ጌሙ መጀመሪያ ላይ የምታገኙለት ገላ የወለል መጥረጊያ የሚመስል አሮጌ ማሽን ነው። ጆይ ደግሞ ነገረኛ ነው። ገላው አይስማማውም፣ የሚታዘዘው ሥራ አይጥመውም፣ አፉ አያርፍም። ወንድሜ ያን ቦታ እንዲህ ነበር የሚለው፦

"አረግ! ምን ሁኖ ነው ይኸ? ከመጥረጊያ ሌላ ገላ አጣህልኝ? እሽ፣ ምን አረጋለሁ፣ ቁሜ ከምቀር ልሂድልህ።"

እትዬ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ሴቶቹን ሁሉና ውሻዋን ነው የምጫወተው። አዎ፣ ውሻ አለች።

ስለ ውሻዋ ሳልናገር ይሄን ግምገማ ብጨርስ እትዬ ይታዘቡኛል። ታች መናፈሻው ውስጥ አንዲት የደላቸው ወይዘሮ ውሻቸውን ይዘው ይንሸራሸራሉ። አጠገቡ ትልቅ ካቴድራል አለ። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል፣ አያስገባም። እኛ እዚህ ላይ ነው የተገተርነው። ሳምንት አለፈ። ዘበኛውን ለመንነው፣ ያለንን ዕቃ ሁሉ አሳየነው፣ ሊፍቱን ስንወጣ ስንወርድ ከረምን። ወንድሜ ጌሙ ተበላሽቷል አለ። አራተኛውን ፍሎፒ እንደገና ጠረጠረ።

አንድ ማታ እትዬ ቡና እየቆሉ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ "ዘበኛው ሥራውን ትቶ የሚሄደው ምን ሲሆን ነው?" አሉ። ዝም አልን። "የሀብታም ውሻ አደጋ ላይ ሲወድቅ ነዋ" አሉ። "ውሻው እንዴት ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው?" አልናቸው። "ኩሬው ለምን ተቀመጠ ታዲያ? ውሻውን የሚበላ ነገር ስጡት፣ ይመጣል። እኔ ነኝ ይሄን የማስተምራችሁ?"

ልክ ነበሩ። ከወይዘሮዋ ቤት የውሻ ብስኩት ይነሳል። ኩሬው አጠገብ ያለው ሳንቃ ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ውሻው ሊበላ ሲቆምበት ገመዱ ይሳባል፣ ሳንቃው ይወረወራል፣ ውሻው አየር ላይ ተገልብጦ ኩሬው ውስጥ ይገባል። ዘበኛው ሊያወጣው ይሮጣል። በሩ ባዶ ይሆናል። አንድ ፊደል እንግሊዝኛ የማያነቡ፣ ማውስ ነክተው የማያውቁ ሴት ናቸው የፈቱት። ከዚያ ተነሥተው መጥተው ስክሪኑን አዩና "ምስኪን! ዋና ይችላል?" አሉ።

አባቴም አንድ ቀን ሊወስደን መጥቶ ለአሥር ደቂቃ ቆሞ አይቷል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ ሲመጣ ጥጡ ፀጉሩ ላይ ነው። የዩኒየን ሲቲን ፋብሪካ፣ ጥርሳቸው የሚሽከረከረውን ማሽኖች አየ። "ይሄ መከለያ የለውም እንዴ? የሰው እጅ ይበላል እኮ" አለ። ሌላ አስተያየት አልሰጠም።

ይበቃል። አሁን ስለ ዕቃው ልናገር፣ ግምገማ ነው ብያለሁ።

ስልክ ላይ ለመጫወት የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስከም ቪኤም የሚባል ነፃ አፕ ነው። የስሙ አመጣጥ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ "ማኒያክ ማንሽን" የሚባል ጌም ነበር። ያን ለመሥራት የተጻፈው መሣሪያ ስከም ተባለ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ራሳቸው የማኒያክ ማንሽን ናቸው። ድርጅቱ፣ በኋላ ሉካስአርትስ የተባለው፣ ለብዙ ዓመት ሌሎች ጌሞቹን በዚያው ሠራ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች እነዚያ ጌሞች በአዲስ ማሽን ላይ እንዲሠሩ ስከም ቪኤምን መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ የሌሎች ድርጅቶችንም ጌሞች ጨመሩበት። የጆይ ባለቤቶች የጌሙን ኮድ ራሳቸው ናቸው አውጥተው የሰጧቸው። ሁለተኛው የጌሙ ፋይል ነው። እሱንም ከዚያው ከስከም ቪኤም ድረ ገጽ በነፃ ታወርዱታላችሁ። ድምፅ ያለውም ቢሆን ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ቁራጭ ከዚህ ይበልጣል።

ነፃውን እዚያ ማግኘት እየተቻለ ገንዘብ አታውጡ። እኔ ከዓመታት በፊት "100 የድሮ ጌሞች" የሚል ሲዲ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ነበር። ሱቁን አልጠራም። ሲዲው ውስጥ አራት የካርታ ጌምና አንድ ቫይረስ ነበር። ቫይረሱ ብቻ ነው በትክክል የሠራው።

አጫጫኑ ላይ አንድ ጊዜ ነው የሚያስቸግራችሁ። ፋይሉ ዚፕ ሆኖ ነው የሚመጣው። መፍታት አለባችሁ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ አለባችሁ፣ ከዚያ አፑ ፎልደሩን እንዲያይ ፈቃድ መስጠት አለባችሁ። አዳዲሶቹ ስልኮች ይሄን ፈቃድ በቀላሉ አይሰጡም። እኔን ሩብ ሰዓት ወስዶብኛል፣ ኮምፒውተር ሥራዬ ሆኖ። አንዴ ከገባ ግን ኢንተርኔት አይጠይቅም። መብራት ባይኖር፣ ኔትወርክ ባይኖር ይሠራል። ጽሕፈት ቤቷ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ጆይ ያልቅ ነበር። አሁን ሱቄ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ይጀምራል።

ትልቁ ችግር ጣት ነው። ጌሙ የተሠራው ለማውስ ነው። ሥዕሉ በወርድ 320፣ በቁመት 200 ነጥብ ብቻ ነው። ዛሬ አንድ የስልክ አይከን ከዚህ አይተናነስም። የምትፈልጉት ዕቃ አንዳንዴ የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ጣታችሁን ስታሳርፉባት ትሸፈናለች። መፍትሔው ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ስክሪኑን እንደ ላፕቶፕ መዳሰሻ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ያኔ ጣታችሁ የትም ሆኖ ቀስቷ ብቻ ትንቀሳቀሳለች። በሁለት ጣት መታ ማድረግ የቀኙን ቁልፍ ይተካል። ይሄን እስካውቅ ድረስ የመጀመሪያውን በር መፈልቀቂያ ብረት ለመንቀል ብቻ አሥር ደቂቃ ታግያለሁ። ላፕቶፕና ማውስ ያለው ሰው ግን በስልክ አይድከም።

ሌላው ብርሃን ነው። ጌሙ ጨለማ ነው፤ ዝገት፣ ጭስ፣ ብረት። እሑድ ጣና ዳር ይዤው ሄድኩ። ዓሣ ጉላሽ አዝዤ፣ ውኃው ፊት ለፊት ተቀምጬ እጫወታለሁ ብዬ። ስክሪኑ ላይ የታየኝ የራሴ ፊትና አንድ ይብራ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መታየት ጀመረ፣ ያኔ ደግሞ ትንኙ መጣ። ቤታችሁ ተጫወቱት።

ሥዕሎቹ ግን እንዴት እንዳላረጁ ልነግራችሁ አልችልም። ዴቭ ጊበንስ የሚባል የታወቀ የኮሚክ ሠዓሊ እጅ አለበት። መግቢያው ላይ ታሪኩ በኮሚክ ሥዕል ነው የሚነገረው። ሳጥኑ ውስጥም የታተመ ኮሚክ አብሮ ይመጣ ነበር አሉ። እኛ ሳጥኑን የት አይተነው! ዝም ብሎ የቆመ የፋብሪካ በረንዳ ሥዕል እንኳ ከዛሬው ብልጭልጭ ይልቅ ዓይን ይይዛል። ሰዎቹም እንደ ምሰሶ አይቆሙም። በራሳቸው ጉዳይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። በጊዜው ድርጅቱ የሚኮራበት ሥራ ነበር፣ ቨርቹዋል ቲያትር ብሎታል። ለተጫዋቹ ግን የምትፈልጉት ሰው ወጥቶ እስኪመለስ መጠበቅ ማለት ነው። እኔ ደንበኛ መጠበቅ ስለለመድኩ አልከፋኝም።

አሁን ቅሬታዬ። ያወረድኩት ድምፅ ያለውን ነው። በስንት ጉጉት! ጆይን ልሰማው ነው አልኩ። ገላው ውስጥ ሰሌዳዋን ከተትኩ፣ ተነሣ፣ አፉን ከፈተ። ጆይ አይደለም። የሆነ ፈረንጅ ነው። ቁጡ፣ ቀጭን ድምፅ። ቀልዱን በትክክል ይናገራል፣ ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ሥራውን ያውቃል። እኔ ግን "ይኸ ማነው ጆይ ቤት የገባው?" አልኩ። ፎስተርም ያደገው አውስትራሊያ ውስጥ ሆኖ አነጋገሩ የአሜሪካ ነው። የከተማው ሰው ደግሞ አብዛኛው የእንግሊዝ። ይሄን ብዙ ሰው ታዝቦታል። የእኔ ቅሬታ ግን ከዚህ የባሰ ነው፣ አምራቹም ሊያስተካክልልኝ አይችልም። ጆይ "እሽ" አይልም።

ደግነቱ ስከም ቪኤም ድምፁን ዘግቶ ጽሑፉን ብቻ የማስቀረት ምርጫ አለው። ዘጋሁት። ሙዚቃውን ተውኩት፣ እሱን ያኔም አልሰማነውም ነበርና አዲስ ሆነልኝ።

በዚያው ሰሞን ሌሎችንም ቀማመስኩ። "ስፔስ ክዌስት" ከእ.ኤ.አ. 1986 ጀምሮ የወጣ ተከታታይ ነው፣ ጀግናው የጠፈር መርከብ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ሐሳቡን ወደድኩት። ግን በየደቂቃው ትሞታላችሁ፣ ሴቭ ካላደረጋችሁ አበቃ። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ተይቡ ይላሉ። ተይቤ ነው የምውለው፣ ማታ ደግሞ አልተይብም። "ዘ ዲግ" የ1995 የሉካስአርትስ ሥራ ነው። ወደ ምድር የሚመጣ ድንጋይ ሊመልሱ የሄዱ ሰዎች ሌላ ዓለም ላይ ይቀራሉ። ሐሳቡ የስፒልበርግ ነው። ያምራል፣ ዝም ያለ ነው፣ ሰማዩ ብቻውን ይበቃል። የሚያስቅ ሰው ግን የለበትም። በእሱ ቡና አይጠጣም።

ለጆይ ከ10 8 እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለጣቱ ነው። ሌላውን ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ገና ለጀመራችሁ ምክሬ አንድ ነው፤ ስትገተሩ መልሱን ኢንተርኔት ላይ አትፈልጉ። ቡና የሚቆላ ሰው ፈልጉ።

አሁን የደረስኩት ከውሻዋ ቦታ አልፌ ነው። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ውሻዋ ስትበር ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። "ሮቦቱ ምን እያለ ነው?" ትለኛለች። ልሞክር ብዬ በወንድሜ ድምፅ "አረግ" ስል ከጣሪያ በላይ ሳቀች። ከዚያ እሷ ራሷ ጆይን ያዘችው። የእሷ ጆይ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ "ሙሉ ነው ሙሉ ነው፣ ጠጋ በሉ" ይላል። ከወለል መጥረጊያው ጋር ባይሄድም አልከለከልኳትም።

ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ።

"ጆይን እየተጫወትኩ።"

ትንሽ ዝም አለ። "የት ደረስሽ?"

"ካቴድራሉ ገብቻለሁ።"

"አቁሚ" አለኝ። "ለፋሲካ መምጣቴ ነው። ሳልመጣ አንድ ነገር እንዳትነኪ።"

ሴቭ አድርጌ ዘግቼዋለሁ። ትናንት መብራት እንደገና ጠፋ። በርጩማዬን አወጣሁ፣ ስልኬን ከፈትኩ፣ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።